የጣና ዳርቻ አርጃኖ፦ አለያየቱና የሚኖርበት የዳርቻ ደን

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ከሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ በተደጋጋሚ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «በሐይቁ ዳር የአዞ ግልገል ታይቷል፤ ምን ይደረግ?» የሚል ነው። ጥያቄው ደርሶን ወደ ስፍራው እስክንሄድ ድረስ እንስሳው ብዙውን ጊዜ በዱላ ወይም በድንጋይ ተገድሎ ይቆየናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የዓሣ ማራገፊያ ሄደን ያየነው «አዞ» በጆንያ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አርጃኖ ነበር። በገመድ ብንለካው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ የአንድ ሰው ቁመት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሆዱ ሲከፈት የተገኘው የሸርጣን ቅርፊትና የቀንድ አውጣ ስባሪ ነው። የገደሉት ሰዎች ይጠብቁት የነበረው የዶሮ ላባ አልተገኘም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ስሕተት እንዳይደጋገም ነው። በመጀመሪያ እንስሳው ከአዞና ከሌሎች እንሽላሊቶች የሚለይበትን መንገድ እንገልጻለን። ቀጥሎም የሚኖርበትን የዳርቻ ደንና ደንገል፣ በመጨረሻም በዶሮና በመረብ ላይ ያደርሰዋል ስለሚባለው ጉዳት ምን ማድረግ እንደሚቻል እናብራራለን።

አርጃኖ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

አርጃኖ ከእንሽላሊት ወገን ሲሆን በአፍሪካ ካሉት እንሽላሊቶች ሁሉ በርዝመት የሚበልጠው ይህ በውኃ ዳር የሚኖረው ዓይነት ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቫራኑስ ኒሎቲኩስ ይባላል። ቫራኑስ የሚለው ቃል የመጣው ዐረቦች ለዚህ ዓይነት እንሽላሊት ከሚሰጡት «ወረል» ከሚለው ስም ሲሆን ኒሎቲኩስ ማለት ደግሞ «የዓባይ» ማለት ነው። ስለዚህ የዓባይ አርጃኖ ብንለው ከስሙ አልራቅንም፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ከሆነማ ይበልጥ ይስማማዋል።

ያደገ አርጃኖ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ርዝመት ከግማሽ የሚበልጠው ጅራት ነው። መልኩ ወደ አመድማ ቡናማ ወይም ወደ ወይራማ አረንጓዴ ያዘነብላል። በጀርባው ላይ ከጎን ወደ ጎን የሚሄዱ፣ በረድፍ የተደረደሩ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉት። ዕድሜው በገፋ መጠን ነጠብጣቦቹ እየደበዘዙ ስለሚሄዱ ትልቁን በነጠብጣብ ብቻ ለመለየት መሞከር ያሳስታል። ጫጩቱ ግን በጣም ይለያል፤ ሲፈለፈል ርዝመቱ 30 ሣ.ሜ. ያህል ሆኖ ጥቁር መደቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ረድፎች ስላሉት ትልቁንና ትንሹን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ እንስሳት ሊመስሉት ይችላሉ። «አዲስ ዓይነት አውሬ መጣ» ተብለን ሄደን ያገኘነው የዘንድሮ ጫጩት የሆነበት ጊዜ አለ።

ከአዞ የሚለይበት

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ምላሱን ይመልከት። አርጃኖ በሄደበት ሁሉ ረጅምና ለሁለት የተሰነጠቀ ምላሱን እንደ እባብ እያወጣ ያስገባል፤ ሽታ የሚለየውም በዚሁ ነው። የአዞ ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ወደ ውጭ አይወጣም። ስለዚህ ከሩቅም ቢሆን ምላሱን ሲያወጣ የታየ እንስሳ አዞ ሊሆን አይችልም። ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ለአባላቱ ያስተማረ ማኅበር ከሚደርሱን ጥሪዎች አብዛኛዎቹን ያስቀር ነበር።

እንስሳው ምላሱን ሳያወጣ ከቆየ ወይም ሞቶ ከተገኘ የሚከተሉትን ማየት ይገባል። የአርጃኖ አንገት ረጅም ሆኖ ጭንቅላቱ ቀጭንና ሹል ነው፤ ሲራመድ ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። አዞ አንገቱ አጭርና ወፍራም ነው። የአርጃኖን ጀርባ በእጅ ቢዳስሱት እንደ ጥቃቅን ጨሌ የተደረደሩ ቅርፊቶች ይሰማሉ። የአዞ ጀርባ ግን በረድፍ የቆሙ፣ ከሥራቸው አጥንት ያለባቸው ጠንካራ ሰሌዳዎች አሉት። የአዞ አፍ ተዘግቶም ጥርሶቹ ከውጭ ይታያሉ፤ የአርጃኖ ጥርሶች አፉ ሲዘጋ አይታዩም። ጅራቱም ይለያል፦ የአዞ ጅራት ከሥሩ ጀምሮ በሁለት ረድፍ የቆመ መጋዝ የሚመስል ነገር ያለበት ሲሆን የአርጃኖ ጅራት ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀ፣ በላዩ አንድ ጠርዝ ብቻ ያለው እንደ መቅዘፊያ የሚያገለግል ነው። የኋላ እግሩን ጣቶች መቁጠርም ይረዳል፤ አዞ አራት፣ አርጃኖ አምስት ናቸው። የአርጃኖ ጣቶች ሁሉ ረጃጅምና ቆልማማ ጥፍር አላቸው። በዚህ ጥፍር ዛፍ ይወጣል፤ ሾላ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ የታየ «አዞ» አዞ አይደለም።

በጭቃ ላይ ያለ ዱካም ሊነበብ ይችላል። በሁለቱ ወገን ያሉ የጥፍር ምልክቶች፣ በመካከላቸው ደግሞ ጅራቱ እየተጎተተ የጻፈው እንደ እባብ የተጠማዘዘ መስመር ከታየ አርጃኖ አልፏል ማለት ነው።

አዞን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አዞ በዓባይ ወንዝ ውስጥ የሚገኘው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ ወደ 40 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ ለሚወጡ የውኃ እንስሳት መሰናክል ሆኖ ኖሯል። ከ15 በላይ የሚሆኑ የጣና ነጭ ዓሣ ዓይነቶች በሐይቁ ብቻ ተወስነው ለመገኘታቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ረጅም ጅራት ያለው እንስሳ ሲታይ በመጀመሪያ መታሰብ ያለበት አርጃኖ ነው። በጣና ዳር በእውነት ሊፈራ የሚገባው ጉማሬ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው።

ከትናንሽ እንሽላሊቶች የሚለይበት

የአርጃኖ ጫጩት በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ከሚታዩት ትናንሽ እንሽላሊቶች ጋር ሊምታታ ይችላል። በተለይ ቆዳው ዘይት እንደ ተቀባ የሚያብለጨልጨው፣ ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነው፣ እግሮቹ አጫጭር የሆኑት እንሽላሊት በውኃ አጠገብ ባሉ ቋጥኞችና ሥሮች መካከል ይኖራል። መለያው ቀላል ነው። ይህኛው እንሽላሊት አንገቱና ጭንቅላቱ ሳይለያዩ አንድ ወጥ ሆነው ይታያሉ፤ በጀርባው ላይ መስመር ቢኖረው ከራስ ወደ ጅራት በቁመት ይሄዳል። በአርጃኖ ጫጩት ላይ ያሉት ቢጫ ረድፎች ግን ጀርባውን አቋርጠው በአግድም ይሄዳሉ፤ አንገቱም ከጭንቅላቱ ተለይቶ ረዘም ያለ ነው። ሁለቱም ለሰው መርዘኛ አይደሉም። እንሽላሊቱ ነፍሳትን እየለቀመ ስለሚበላ ማንም ሊነካው የሚገባ አይደለም።

የሚኖርበት ስፍራ

አርጃኖን ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገሮች የሚገናኙበትን ስፍራ ይፈልግ፦ ውኃ፣ መሸሸጊያ የሚሆን ጥቅጥቅ ያለ ዕፅዋት፣ እንዲሁም ፀሐይ የሚሞቅበት ገላጣ ድንጋይ ወይም ያዘነበለ ግንድ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል እንስሳው ይጠፋል። አርጃኖ ደሙ በራሱ የሚሞቅ ስላልሆነ ከማለዳ ቅዝቃዜ በኋላ ፀሐይ ሳይሞቅ መሮጥም ማደንም አይሆንለትም። የሞቀበት ስፍራ ደግሞ ሰው ሲመጣ በአንድ ዝላይ ውኃ የሚገባበት ሊሆን ይገባል።

በጣና ዙሪያ ይህ የሚሟላው በሐይቁ ጠርዝ ባለው የደንገል፣ የፊላና የቄጠማ ቀበቶ፣ እንዲሁም ከዚያ ቀጥሎ ባለው የዳርቻ ደን ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ በእንፍራንዝ፣ በገልዳ፣ በጉማራና በርብ ወንዞች አፍ ያለው እርጥብ መሬትና በገዳማቱ ደሴቶች ዳርቻ ያለው ዛፍ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከዛፎቹ ሾላ፣ ዶቅማ፣ እሼ፣ ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሌን ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሾላው ሥሩን ወደ ውኃው ዘርግቶ ዳርቻውን ይይዛል። በሥሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለአርጃኖ መሸሸጊያ፣ ለዓሣ ጫጩት ደግሞ መጠለያ ይሆናል። ጎርፍ የሚያመጣው አፈር በዚሁ ደንና ደንገል ተጣርቶ እንደሚቀር ማንኛውም አስጋሪ በክረምት ውኃውን አይቶ ሊመሰክር ይችላል።

ስለ ደን ከተነሣ የዘጌን ልሳነ ምድር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ነዋሪዎቹ በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በበሬ ማረስን ትተው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ በማልማት ስለኖሩ ነው። ትውፊቱ ይህን ሥርዓት ከአባ በትረ ማርያም ዘመን ጋር ያያይዘዋል። እኛ የግብርና ባለሙያዎች «ጥምር እርሻ» እያልን በሥልጠና የምናስተምረውን ነገር የዘጌ ሰው ከእኛ በፊት ሲሠራበት እንደ ኖረ ማመን ይገባናል።

በሌላው ዳርቻ ያለው ሁኔታ ግን የሚያሳስብ ነው። ከዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ወለል ከፍና ዝቅ የሚለው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በኃይል ማመንጫ ፍላጎትም ጭምር ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ በወረደ ጊዜ ከውኃ የተላቀቀው መሬት ባሕር ሸሽ እየተባለ ታረሰ፤ ደንገሉም በየስፍራው ተነቀለ። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል መታየቱ ታወቀ። በባሕር ዳር ዙሪያ ለጫት ማጠጫ የሚተከለው የውኃ ፓምፕና እስከ ውኃው ጠርዝ የሚደርሰው የባሕር ዛፍ ተከላ ሲጨመርበት የአርጃኖው መኖሪያ ከቀበቶ ወደ ቁርጥራጭ እየተለወጠ ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን መዝገቡ ብቻውን አንድ ሾላ ከመቆረጥ አያድንም።

ደንገልን በሚመለከት ለማኅበራት የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ደንገል ለታንኳና ለልዩ ልዩ ሥራ መታጨዱ ጉዳት የለውም፤ ከግንዱ ሥር ካለው ሥረ ግንድ በላይ ከታጨደ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጉዳቱ ከነሥሩ ሲነቀል፣ ሲቃጠልና ከብት ገብቶ ሲረግጠው ነው። የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ በሚደረግበት ጊዜም ሠራተኛው ደንገሉን ከእምቦጩ ጋር አብሮ እንዳይጠርገው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ዘመቻ የጠራ መስሎን የተራቆተ ዳርቻ ትተን ተመልሰናል፤ በዓመቱ እምቦጩ ተመልሶ ሲገባ የሚከላከለው ደንገል አልነበረም።

አመጋገቡና አራባቡ

አርጃኖ ያገኘውን የሚበላ እንስሳ ነው። ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ ዓሣ፣ ነፍሳት፣ አይጥ፣ የወፍ እንቁላልና ጫጩት እንዲሁም ጥንብ ይበላል። ቀንድ አውጣ በመብላቱ ምክንያት አንዳንድ ሠራተኞች «ቢልሃርዚያን ይከላከላል» እያሉ ሲያስተምሩ ሰምተናል። ይህን ባይሉ እንመርጣለን። ቢልሃርዚያን የሚከላከለው መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ነው፤ እንስሳውን ለማስጠበቅ ብሎ የማይሠራውን ሥራ ለእርሱ መስጠት ኋላ አመኔታ ያሳጣል።

ሴቲቱ ከ12 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። በአፍሪካ በብዙ ስፍራ እንደ ታየው እንቁላሏን የምትጥለው በዝናብ ወራት የረጠበ የምስጥ ኩይሳ ቆፍራ ነው። ከጣለች በኋላ ትታው ትሄዳለች። ምስጦቹ የተቆፈረውን ራሳቸው ይደፍኑታል፤ በኩይሳው ውስጥ ያለው የማይለዋወጥ ሙቀትና እርጥበትም እንቁላሉን ያቆየዋል። መፈልፈያው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ጫጩቶቹ የሚወጡት ዝናቡ የኩይሳውን ግድግዳ ሲያለሰልሰው ነው።

ይህን በዝርዝር የገለጽነው በምክንያት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ምስጥን ለመከላከል ኩይሳ እንዲፈርስ ሲመክር፣ በእርሻ መካከል ያለውንና በውኃ ዳር በደን ጠርዝ ያለውን ለይቶ ይመልከት። እርሻ መካከል ያለው ይፍረስ፤ ማንም አይከለክልም። ማሳ የማይነካው የዳርቻ ኩይሳ ግን ሰብል ላይ ጉዳት ካላደረሰ ቢተው ይሻላል። አንድ ኩይሳ ማፍረስ የአንዲት እናት የዓመት ልጆችን በሙሉ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ስለ ዶሮ፣ ስለ መረብና ስለ መርዝ

አርጃኖ ዶሮ ይወስዳል ወይ ለሚለው መልሳችን አዎን ነው። በተለይ ጫጩትና እንቁላል ይወስዳል። ለአርሶ አደሩ እንስሳው ፈጽሞ ጉዳት የለውም ብሎ መናገር ከእውነት የራቀ ስለሆነ ተቀባይነት አያገኝም። ነገር ግን ጥፋቱ የደረሰበት ሰዓት መጠየቅ አለበት። አርጃኖ የሚንቀሳቀሰው በቀን፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው፤ ሌሊት በጉድጓዱ ወይም በመሸሸጊያው ይተኛል። ስለዚህ ዶሮው የጠፋው ሌሊት ከሆነ ተጠያቂው ሸለምጥማጥ፣ ጥርኝ ወይም ሌላ የሌሊት አውሬ ነው። አንዲት እማወራ የሌሊት ሌባቸውን ጥፋት በአርጃኖ ላይ ጥለው ዳርቻውን ሁሉ ሲያስፈትሹ፣ የዶሮ ቤታቸው በር ግን እንደ ተሰበረ ነበር።

ጥፋቱ የቀን ከሆነ የሚረዳው እንቁላሉን ረፋድ ላይ ሳይዘገዩ መሰብሰብ፣ ጫጩት የያዘችውን ዶሮ በወንፊት ሽቦ በተከለለ ስፍራ ማቆየት፣ ሽቦውንም አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ቀብሮ ማያያዝ ነው፤ አርጃኖ ጥሩ ቆፋሪ ነውና። ከዶሮው ቤት እስከ ውኃው ያለውን ቁጥቋጦ ጥቂት ሜትር ማጥራትም ይበጃል፤ በገላጣ ስፍራ መታየት አይወድም።

አስጋሪዎችን የሚያስቸግራቸው መረብ ላይ የተያዘ ዓሣ መበላቱና መረቡ መቀደዱ ነው። ማታ የተዘረጋ መረብ ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ቢነሣ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ አርጃኖው ገና አልተነሣምና። ረፋድ ድረስ ከደንገሉ ጥግ የሚቆይ መረብ ግን ዓሣውንም ያስበላል፣ አርጃኖውንም ጠልፎ ያሰጥማል። አርጃኖ ረጅም ጊዜ ጠልቆ መቆየት ቢችልም የሚተነፍሰው አየር ስለሆነ ከውኃ በታች ከተያዘ ይሞታል። በሕይወት የተያዘ ሲገኝ ሁለት ሰው ሆኖ፣ በእርጥብ ጆንያ ራሱን ሸፍኖ፣ አንዱ ከአንገቱ ኋላና ከጅራቱ ሥር ይዞ፣ ሌላው የመረቡን ክር ቆርጦ ይልቀቀው። ሲለቀቅ ወደ ውኃው አቅጣጫ እንጂ ወደ ሰው አይዙር። በጅራቱ ይገርፋል፣ ይቧጥጣል፣ አጥብቆም ይነክሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በብዙ ውኃና ሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጥፍሩና ጥርሱ ጥንብ የነካ ስለሆነ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ያስፈልጋል።

ማናቸውም ማኅበር መርዝ እንዳያስቀምጥ አጥብቀን እናሳስባለን። በሥጋ ወይም በእንቁላል ውስጥ የተደረገ መርዝ የሚገድለው የታሰበውን ብቻ ሳይሆን ውሻውን፣ ጥንብ አንሣውንና በዳርቻው የሚጫወተውን ልጅ ጭምር ሊሆን ይችላል። የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ በትኖ ዓሣ የማስገር ልማድም ከዚህ የተለየ አይደለም። በክረምት ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ገልዳ በሚወጣበት ጊዜ የተበተነ ብርብራ የሚያጠፋው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በመረብ ሊገባ የሚችለውን ነው። አርጃኖ የበላው አንድ ዓሣ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም ሆነ በውጤቱ መነገድ የተከለከለ ነው። የአርጃኖ ቆዳ በዓለም ገበያ ለቦርሳና ለጫማ ስለሚፈለግ እንስሳው በዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል የሆነችው በ1981 ዓ.ም. ነው። ቆዳ እንገዛለን የሚሉ ሰዎች ወደ ማኅበሩ ቢመጡ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ስለሚታዩት እንስሳት የሚያዝ ማስታወሻ

እያንዳንዱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አርጃኖ ባየ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን፣ የቀበሌውንና የጎጡን ስም፣ ርዝመቱን በግምት፣ ትልቅ ወይም ቢጫ ረድፍ ያለው ጫጩት መሆኑን፣ ምን ሲያደርግ እንደ ታየና ዳርቻው ደንገል፣ ዛፍ፣ ድንጋይ ወይም የታረሰ መሬት መሆኑን በደብተሩ ቢጽፍ ይጠቅማል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ቢያነሣ ይበልጥ መልካም ነው፤ ሲያነሣ ግን ከጎን አድርጎ፣ አንገቱና የጀርባው ረድፍ በሚታዩበት ሁኔታ ያንሣ። ሞቶ የተገኘ እንደ ሆነ በምን ምክንያት እንደ ሞተ ማለትም በዱላ፣ በመረብ፣ በመኪና ወይም በመርዝ መሆኑ ይመዝገብ። ጫጩት የታየበት ስፍራ ተለይቶ ምልክት ይደረግበት፤ በአቅራቢያው እንቁላል የተጣለበት ኩይሳ ወይም የለሰለሰ ዳርቻ ሊኖር ስለሚችል በሚቀጥለው ክረምት እንደገና መጎብኘት አለበት።